በእንግዳው ስም የቆመች ጥድ

ኅዳር 12 ቀን 1979 ዓ.ም.
ኢሉባቦር፣ ሰፈራ ጣቢያ

…ያነሣው ቀኝ እጁን ነው ወይስ ግራውን? ጋሸና ላይ የወንዶቹ መኪና ቀድሞ ሲንቀሳቀስ እንግዳው ከኋላ ቆሞ ነበር። በአንድ እጁ የመኪናውን እንጨት ይዞ በሌላው ወደ አገራችን በኩል አመለከተኝ። «ጥዷ ሥር» አለኝ። «ማንኛችንም ቀድመን ብንመለስ ጥዷ ሥር እንጠባበቅ።» ቃሉን በደንብ ሰምቼዋለሁ። እጁን ግን አጣሁት። ስፈልገው ቀኙ ይመጣል፣ ወዲያው ግራው ይመጣል፣ ከዚያ አቧራው ይሸፍነዋል፤ የእኛን የሴቶቹንም መኪና

አያ ከፋለ፣ ሰላምታ ሳላስቀድም ጀመርኩ፤ ይቅር ይበሉኝ። የመሠረተ ትምህርት አስተማሪያችን ደብዳቤ በሰላምታ ይጀመራል ብሎን ነበር። ብዕር ስይዝ ግን በሆዴ ያደረው ነገር ይቀድመኛል። እንደምን ሰንብተዋል? እትዬ ደብሪቱስ እንዴት ናቸው? ልጆቹስ? የይምርሐነ ክርስቶስ አምላክ ቤታችሁን ይጠብቅ፤ ከብታችሁን ያርባ፤ ዓይን ለዓይን ያገናኘን። እኔና ልጄ ዓለምእሸት ደኅና ነን። እሷ ወባ ይዟት ነበር፤ አሁን ትሮጣለች።

የላኩት ደብዳቤ ደርሶኛል። ጥዷ ወደ ቤትዎ እንደ ዘመመች፣ ነፋስ ሲነሣ ጣሪያዎ ላይ እንደምታቃስት፣ ሳትወድቅባችሁ ሊቆርጧት እንዳሰቡ ጽፈውልኛል። ግቢው የወንድምዎና የእኔ ስለሆነ ሳልሰማ እንዳይሆን ብለው ማስታወቅዎ ከደግነትዎ ነው። እግዜር ይስጥልኝ።

እዚህ ዛፍ ጠላት ነው፣ አያ ከፋለ። ጠዋት በደወል ወጥተን ማታ በደወል እስክንገባ ጫካ እንመነጥራለን። አሥር ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፈው ዛፍ አለ። ሲወድቅ ምድሩ ይንቀጠቀጥና ከላይ ብርሃን ይገባል፤ ሰው ያጨበጭባል። ከዚያ ይቃጠላል። ማንም ማንንም አይጠይቅም። እኔ ከደጄ አንዲት ዋንዛ አስቀርቻለሁ። የምንጣሮው አለቃ መጣና «ይህቺስ?» አለኝ።

«አትቆረጥም።»

«ማን ከለከለ?»

«ሕግ» አልኩት።

«የትኛው ሕግ?»

«የላስታ።»

ስቆ ሄደ። እስከ ዛሬ ሲያየኝ «የላስታዋ ሕግ» ይለኛል።

ቀልዴን ብቻ አልነበረም። በስብሰባ ላይ አንድ ካድሬ፣ በእናንተ በኩል አሁን አገር በቀል ዛፍ ያለ ፈቃድ የቆረጠ በሕግ ይጠየቃል ሲል ሰምቻለሁ። ስለዚህ ምሳር ከማንሣትዎ በፊት የሚመለከተውን ሰው ይጠይቁልኝ። ለእርስዎ ፈርቼ ነው። ይህ እውነት ነው፤ ሙሉው እውነት ግን አይደለም። እንግዳው ተመልሶ ቢመጣና ጥዷን ቢያጣት ሌላ አገር የገባ ይመስለዋል። ዞሮ ይሄዳል ብዬ እፈራለሁ።

ከጋሸና ወዲህ ስለ እሱ የሰማሁት ነገር የለም። እርስዎስ?

ታናሽዎ ብርቄ


ጥር 25 ቀን 1979 ዓ.ም.
ላስታ

ለእኅቴ ለብርቄ፤

ከልጅሽ ከዓለምእሸት ጋር ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ፣ ደብሪቱና ልጆቹ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን፤ የጎደለን እናንተ ናችሁ። አንቺን፣ ዓለምእሸትን፣ ወንድሜን እንግዳውን በያላችሁበት መድኃኔ ዓለም ይጠብቅልን። ስለ እሱ ምንም አልሰማሁም። ገበያ በወጣሁ ቁጥር እጠይቃለሁ።

እንዳልሽኝ ጠየቅሁ። መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ወደ አራጋው ነው። ጥድ ልቆርጥ ፈልጌ ነው ስለው ቀና ብሎ አየኝ።

«ሳትቆርጥ ነው የመጣኸው?»

«ሳልቆርጥ።»

«ሰው ከቆረጠ በኋላ ተይዞ ነው የሚመጣልኝ። አንተን ምን ነካህ?»

«የወንድሜ ሚስት ጠይቅ ብላኝ ነው።»

«ኢሉባቦር ተቀምጣ? እዚሁ ያሉት ሚስቶቻችን ያላዘዙንን?» ብሎ ሲስቅ አብሬው ሳቅሁ። ከዚያ ዛፉ የእሱ ሥልጣን እንዳልሆነ ነግሮ ላሊበላ ወዳለው የደን ሠራተኛ ላከኝ።

የደን ሠራተኛው ከሌላ አገር የመጣ ልጅ እግር ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ወንበር ሰጠኝ። ጥድ ከሚጠበቁት ዛፎች አንዱ ነው አለኝ፤ ወይራና ኮሶም እንዲሁ።

«በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ናት?»

«አይደለችም።» የይምርሐነ ክርስቶስን ጥዶችማ ማን ይነካል፤ እኛ እየጠየቅን ያለነው በሰው ደጅ ስላለች ጥድ ነው አልኩት።

«ማን ተከላት?»

«አባታችን።»

«ቤት ላይ የምትወድቅ ከሆነ መጥተን አይተን እንፈቅዳለን። ባለይዞታው ያመልክት።»

ባለይዞታው እኔ አይደለሁም። ግቢያችሁ በማኅበሩ የተመዘገበው በእንግዳው ስም ነው። ይህን ነገርኩት። እንግዳው የት እንዳለ ጠየቀኝ። በሰፈራው ጊዜ ከሚስቱ ተለይቶ እንደ ጠፋ ነገርኩት። ብዕሩን አስቀመጠ።

«ጠፋ የሚባል ነገር እኛ ጋ የለም» አለኝ። «ወይ አለ፣ ወይ ሞቷል። ካለ መጥቶ ያመልክት። ከሞተ ሚስቱ ባሌ ሞቷል ብላ ጽፋ ትፈርምና እሷ ታመልክት። ከሁለቱ አንዱ እስኪሆን ዛፏን መንካት አይቻልም።»

ብርቄ፣ እንዲህ ብለሽ ጻፊ አልልሽም። የተባልኩትን ነው የጻፍኩልሽ። በሥላሴ ማግስት ነፋስ ተነሥቶ አንድ የደረቀ ቅርንጫፍ የጥጃውን ጋጣ ሰብሮታል። ጥጃው ከእናቱ ጋር ሜዳ ነበር። ደብሪቱ ከዚያ ወዲህ ልጆቹን ከጎኗ አታርቅም። ጥዷ በመጀመሪያ እንደነገርኩሽ አይደለችም፤ ቀን በቀን ወደ እኛ ትመጣለች።

የእናንተ ቤት ደኅና ነው። በሩ በነፋስ እየተከፈተ ሲንኳኳ ሰው የመጣ እየመሰለኝ ስለወጣሁ በጠፍር አሰርኩት።

ወንድምሽ ከፋለ


ግንቦት 3 ቀን 1979 ዓ.ም.
ኢሉባቦር

ለተከበሩ ወንድሜ ለአያ ከፋለ፤ ለጤናዎ እንደምን ከረሙ? የፋሲካው አምላክ በዓሉን በደስታ አሳልፏችሁ እንደሆነ ተስፋ አለኝ።

ለመመለስ ዘገየሁ። ወረቀት አጥቼ አይደለም።

ጽፌ ጽፌ ተውኩት። «እኔ ወይዘሮ ብርቄ» ብዬ እጀምራለሁ፤ ቀጥሎ «ባለቤቴ እንግዳው» እላለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ቃል አውቀዋለሁ። ሁለት ፊደል ብቻ ነው። ሁለቱንም ተምሬያቸዋለሁ፤ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በሰው ሁሉ ፊት ጽፌ ተጨብጭቦልኛል። ግን አብረው አይቆሙልኝም። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ለዚህ ነው?

የአባቴ መርዶ የመጣ ዕለት ትዝ ይልዎታል? አባቴ ሙጃ ሞቶ ተቀብሮ ሳምንት አልፎት ነበር፤ እኔ አልሰማሁም። መርዶ በወረቀት አይላክ፤ መንገድ ላይ አይነገር። ጎህ ሳይቀድ ሦስት ሰዎች መጥታችሁ ጥዷ ሥር ቆማችሁ እስኪነጋ ጠበቃችሁ። ከፊት የቆሙት እርስዎ ነበሩ። ይህን ያወቅሁት ኋላ ነው፤ የነገረኝ እንግዳው ነው። ሊወጣ በሩን ሲከፍት አያችሁ። ምንም ቃል አልተነጋገራችሁም። ገባ፤ በሩን ዘጋው። ከአልጋዬ ሆኜ «ማነው?» አልኩት። «ነፋስ ነው፤ ትንሽ ተኚ» አለኝ። ተኛሁ። ያቺን ትንሽ እንቅልፍ እሱ ነው የሰጠኝ። አባቴ በዚያች እንቅልፍ ውስጥ በሕይወት ነበር፤ አውድማ ላይ እህል ሲያበራይ አየሁት።

የደን ሠራተኛው ከሁለት አንዱ ይሁን ካለዎት እኔ ሦስተኛ አለኝ። «ባለቤቴ እንግዳው በሌለበት» ብዬ ልፈርም? መኖሩንም መሞቱንም አልልም። ይጠይቁልኝ። ደግሞ ይህንንም ይጠይቁልኝ፤ ሕጉ ቅርንጫፉን ከግንዱ ለይቶ ያያል? በልጆቹ ላይ የሚወድቀው የደረቀው ከሆነ እሱን ብቻ ቢቆርጡት፣ ግንዷን ደግሞ በባላ ቢደግፏት?

እትዬ ደብሪቱ እንዳይቀየሙኝ። ዛፍን ከሰው ልጅ አስበልጬ አይደለም። እኔም ልጅ አለችኝ። ዓለምእሸት ስለ ቤታችን ስትጠይቀኝ በሩን ትረሳዋለች፣ መደቡን ትረሳዋለች። ጥዷን ግን እጇን ወደ ላይ ዘርግታ «እስከዚህ» ትለኛለች። የአባቷን መልክ ስጠይቃት መልሳ ስለ ጥዷ ታወራኛለች።

ታናሽዎ ብርቄ


ነሐሴ 20 ቀን 1979 ዓ.ም.
ላስታ

ለእኅቴ ለብርቄ፤ ክረምቱ እንዴት ይዞሻል? እዚህ ጭጋጉ ከደጅ አልነሣ ብሎናል። አንቺን፣ ዓለምእሸትን፣ ወንድሜን እንግዳውን በያላችሁበት መድኃኔ ዓለም ይጠብቅልን።

«በሌለበት» የሚለውን ለደን ሠራተኛው ነገርኩት። «ይህ ለዛፍ ሳይሆን ለጠበቃ ነው» ብሎ ሳቀ። አልተቀበለውም። ስለ ቅርንጫፉ ግን አሰበና ያለ እኔ ዓይን ቅርንጫፍም አይነካም፣ መጥቼ ልየው አለ። በጭቃው በእግሩ መጣ። ጥዷን ዞሮ ዞሮ አያት፤ ቅርፊቷን በጥፍሩ ጫር አደረገና አሸተተው። ደብሪቱ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትጠብቀዋለች።

«ልጆቼ ላይ ስትወድቅ ማመልከቻውን ማን ይጽፋል?» አለችው።

«እናቴ፣ እኔ አላዘመምኳትም።»

«ነፋስ ነው ያዘመማት። እንግዲያው ለነፋሱም ሕጉን ንገረው።»

«ነፋሱ ከእኔ በፊት ነው የተቀጠረው» አላት። እሷም ሳቀች፤ ንፍሮ አቀረበችለት። ሲሄድ የደረቁትን ቅርንጫፎች እንድቆርጥ ፈቀደልኝ፤ በቃሉ ነው። ግንዷን ከነካህ ግን አልምርህም አለኝ።

ወጥቼ ቆረጥኳቸው። ከልጅነቴ ወዲህ አልወጣሁባትም ነበር። ከላይ ሆኜ የእናንተን ጣሪያ አየሁት፤ ሣሩ ጠቁሯል፤ በመሀሉ በቅሎ የቆመ ነገር አለ። እንግዳው ከእኔ ከፍ ብሎ ይወጣ ነበር። አባታችን ከሥር ሆኖ «ታላቅህን ታሳፍረዋለህ፤ ውረድ» ይለው ነበር። ደርቋል ያልኩት እንጨት ውስጡ ቀይ ነበር፤ ሽታው ግቢውን ሞላው። ፍላጭ ልኬልሻለሁ፤ ከወረቀቱ ጋር አጥፌዋለሁ። መንገድ ላይ አውጥተው ካልጣሉት።

ባላ አቆምኩላት። ሥሯንም በድንጋይ ደገፍኩት። ይህ ግን ለዘንድሮ ነው፤ ለሚመጣው በጋ ነፋስ አይሆንም። ልጆቹ አሁን በወዲያኛው ግድግዳ በኩል ይተኛሉ። ብርቄ፣ አልገፋሽም። ግን የደን ሠራተኛው እንዳለው ከሁለት አንዱን ማወቅ አለብን። ካልሆነ እኔ ራሴ ማወቅ አለብኝ። መኸሩ ሲገባ ሙጃ ገበያ እወርዳለሁ፤ ከሰፈራ የተመለሱ ሰዎች እዚያ አይጠፉም ይባላል።

ወንድምሽ ከፋለ


ታኅሣሥ 9 ቀን 1980 ዓ.ም.
ላስታ

ለእኅቴ ለብርቄ፤

መልስሽ ሳይደርሰኝ ይህን እጽፋለሁ። ሙጃ ወርጄ ነበር። ወልደ ሰንበት የሚባል ሰው አገኘሁ፤ ከጋሸና ከእንግዳው ጋር በአንድ መኪና የሄደ ነው። ፈቃድ አግኝቶ ነው የመጣው ይላል። ገበያው እስኪበተን አብረን ተቀመጥን። ብዙ አወራን። ሰላም ብሎሻል።

የፊርማውን ነገር ተይው። ጥዷ ትቁም። ደብሪቱም ትቁም ብላለች። ልጆቹን ወደ እናንተ ቤት አዛውረን እዚያ ይተኛሉ፤ ጣሪያውን አዲስ ሣር አልብሼዋለሁ። እኔ እዚሁ ከሥሯ እተኛለሁ።

አንድ ነገር ጻፊልኝ። የንስሐ አባትሽ ማን ናቸው? ከእኛ አገር የሆኑ፣ የሚያውቁሽ ሽማግሌዎች አጠገብሽ አሉ? ስማቸውንና ቤታቸው በየት በኩል እንደሆነ ጻፊልኝ። አደራ፣ አትርሺው።

አንቺንና ዓለምእሸትን መድኃኔ ዓለም ይጠብቅልን።

ወንድምሽ ከፋለ


የካቲት 30 ቀን 1980 ዓ.ም.
ኢሉባቦር

ለአያ ከፋለ፤

ሁለቱም ደብዳቤዎች በአንድ ቀን ደረሱኝ። የነሐሴውን ቀድሜ ከፈትኩት። ፍላጩ አለ፤ አልጣሉትም። ዓለምእሸት አሸተተችው፤ ከትራሷ ሥር አድርጋ ተኛች። እኔም ሌላውን ሳልከፍት አደርኩ። ያን ዕለት ደስ ብሎኝ ነበር።

የታኅሣሡን ደጋግሜ አነበብኩት። የወንድምዎን ስም ከምርቃቱ ላይ አላገኘሁትም። ቸኩለው ይሆናል። ወረቀቱ አልቆብዎት ይሆናል አልኩ፤ ግን ከሥር ባዶ ቦታ አለ።

እትዬ ደብሪቱ ትቁም ካሉ ምን ሆነው ነው? ጋጣው ሲሰበር አይቁረጡ ያልኩት እኔ ነበርኩ፤ እሳቸው ትክክል ነበሩ። እርስዎስ ምን ሆነው ነው? አንድ ዓመት ሙሉ ፈርሚ ሲሉኝ፣ አልገፋሽም እያሉ ሲገፉኝ፣ እኔ በየደብዳቤዎ ልቤ ይመታ ነበር፤ ግን እተኛ ነበር። አሁን ተይው አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አልተኛሁም።

ይቁረጧት። ይኸው እኔ አልኩ። ልጆቹ ላይ ትወድቃለች፤ እርስዎ ላይ ትወድቃለች፤ ከሥሯ አይተኙ። እንደ በፊቱ ይቆጡኝ፣ ፈርሚ ይበሉኝ፣ እኔም እምቢ ልበልዎ። ቁረጧት ብዬ ስጽፍልዎ ደግሞ አልቆርጥም እንደማይሉኝ ይማሉልኝ። የምጽፈውን ራሴም አላውቀው።

ከወልደ ሰንበት ጋር ብዙ አወራን ብለዋል። ምን አለዎት? ምን ለብሶ ነበር? ጫማ ነበረው? ከእንግዳው ጋር እስከ የት ሄዱ? አይጻፉልኝ። ሰውየው ደኅና ከሆነ ሰላም ይበሉልኝ።

ስለ ሽማግሌዎች ጠይቀውኛል። እዚህ ብዙ ሰው አለ፤ ከየአገሩ የመጣ ነው፤ ጠዋት ወጥቶ ማታ ይገባል። በቆሎው ደርሶ ዝንጀሮ ጨረሰው። ዓለምእሸት ሁለተኛ ክፍል ገብታለች። ዋንዛዋ አብባለች፤ ንብ ሞልቶባታል፤ የምንጣሮው አለቃ ራሱ መጥቶ ከሥሯ ተቀመጠና «ሕጉ ደግ ነው» አለኝ።

እንግዳውን ባለበት መድኃኔ ዓለም ይጠብቅልን። እኔ ጽፌዋለሁ።

ታናሽዎ ብርቄ


ሚያዝያ 18 ቀን 1980 ዓ.ም.
ላስታ

ለእኅቴ ለብርቄ፤ እንደምን አለሽ?

የጠየቅሽኝን ሰው ነገር ወረቀት አይችለውም። ይህን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ አንቺው ነሽ የጻፍሽልኝ።

ባለፈው የደን ሠራተኛው በደጃችን ሲያልፍ ቆሞ ጠየቀኝ።

«ምነው ማመልከቻውን ሳትጨርስ ቀረህ? ሴትየዋ አልፈረመችም?»

«አልፈረመችም።»

«ባለይዞታውስ? አልመጣም?»

ወደ ባላው ዞር አልኩ። ጥዷን አያት፤ ባላውን አየው፤ እኔን አየኝ። ሌላ ጊዜ ቀልደኛ ነው። «እንግዲያው የተጠበቀች ናት» አለና መንገዱን ቀጠለ።

ማታ ማታ ከሥሯ እቀመጣለሁ። የምጠብቀው የለኝም፤ ግን ተቀምጬ መንገዱን አያለሁ። ከጋሸና በኩል የሚመጣ መኪና መብራቱ ከሩቅ ሲታጠፍ ይታያል፤ ከዚያ ኮረብታው ይውጠዋል። ታናሼ ነው። እኔ ነኝ ዛፍ መውጣት ያስተማርኩት። ከዚያ በልጦኝ ወጣ።

የጎረቤታችን ልጅ ወልደ ኪዳን እኅቱን ሊጠይቅ ወደ እናንተ በኩል ይመጣል። ስም ባትጽፊልኝም ሰው በሰው እያጠያየቀ ያገኝሻል። ደርሶ ሲያበቃ ብቻውን እንዳይመጣብሽ፣ ከእናንተ ሰዎች ጋር እንዲመጣ አደራ ብየዋለሁ። በሚመጣ ጊዜ ክፈቺለት።

መምጣት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። መውጫ ወረቀት ጠይቄ ከለከሉኝ።

ወንድምሽ ከፋለ


ሰኔ 5 ቀን 1980 ዓ.ም.
ኢሉባቦር

ለተከበሩ፣ ለውድ ወንድሜ ለአያ ከፋለ። ዛሬ ሰላምታውን አስቀድማለሁ። ለጤናዎ እንደምን አሉ? እትዬ ደብሪቱ፣ ልጆቹ፣ ጥጃው፣ ጥዷ እንደምን አሉ? እኔ ደኅና ነኝ። ዓለምእሸት ደኅና ናት፤ ተኝታለች። አገራችን ላይ ዝናብ በጊዜው ይዝነብ። ነፋሱን ያብርድላችሁ።

ግራው ነው። ሌሊት አገኘሁት። የመኪናው እንጨት በቀኙ በኩል ነበር፤ በቀኙ እሱን ካልያዘ ይወድቅ ነበር። ስለዚህ ያመለከተኝ በግራው ነው። ይህን ለእርስዎ ካልነገርኩ ለማን እነግረዋለሁ ብዬ ብዕር ያዝኩ። የግራ እጁ አውራ ጣት ላይ ጠባሳ አለችው፤ ከጥዷ ሲወርድ የቧጨረችው ናት። ያነሣው ያንን እጁን ነው። ፊቱም መጣልኝ። ፈገግ ብሎ ነበር፤ እንዳላለቅስ

ውሻው ይጮኻል።

ጎህ አልቀደደም፤ ግራጫ ነው። ሌሊት ዘንቦ አባርቷል፤ በሩን ገርበብ አድርጌዋለሁ፤ ብርሃን እንዲያስገባልኝ። በዚያች ክፍተት መንገዱ ይታየኛል። ሰው ይመጣል። ማሳ የሚወርድ ሰው መጥረቢያ ይይዛል፤ እነዚህ ባዶ እጃቸውን ናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተዋል። አንደኛው ቄስ ተክለ ሚካኤል ናቸው፤ የንስሐ አባቴ ናቸው፤ ስማቸውን ደብቄዎት ነበር። ሁለተኛውን ገና አልለየሁትም፤ ሲራመድ ግን የእኛ አገር ሰው ነው፤ ቁልቁለት እንደሚወርድ ጉልበቱን አጠፍ ያደርጋል። ሦስተኛው የምንጣሮው አለቃ ነው። እሱ መቼም ሲያየኝ ይስቃል።

ዋንዛዋ ሥር ሲደርሱ ቆሙ። አይነጋገሩም። ወደ ቤቴ አይመለከቱም፤ መሬት መሬት ያያሉ። እስኪነጋ ይጠብቃሉ።

አያ ከፋለ፣ ጥዷን አይቁረጧት። ከዚህ በፊት ቁረጧት ያልኩትን ይተዉት። ለደን ሠራተኛው በእንግዳው ስም እንደሆነች

ዓለምእሸት ተገላበጠች። «ማነው?» አለችኝ።

«ነፋስ ነው» አልኳት። «ትንሽ ተኚ።»

ብዕሩን ሳልለቅ ተነሣሁ። በሩን ዘጋሁት።